የሚስተር ኦስትራንደር ድምፅ

ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለባልሽም ቢሆን፣ አሉኝ ሚስተር ኦስትራንደር፣ ያኔ፣ ሆዴ ከሹራቤ አልፎ ገፍቶ ትምህርቴን ትቼ መጻሕፍቴን ልመልስ የገባሁ ቀን፣ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ እሳቸውና እኔ ብቻ፣ በር ላይ የቆመ ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር እያልኩ ዛሬም ያስቀኛል፣ እሳቸው እኮ የሚያወሩት ስለ ምርጫ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሌሎቹ አስተማሪዎች ወይ አዘኑልኝ ወይ ሆዴን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን አዩ፣ እሳቸው ግን የሥነ ዜጋውን መጽሐፍ ተቀብለው ገጾቹን በአውራ ጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ትመርጫለሽ አሉ፣ ያኔ ማንን እንደ መረጥሽ ለማንም። እሺ አልኩ። ሳይገባኝ። እኔ እሺ የምለው ብዙ ጊዜ ሳይገባኝ ነው።

አሁንም ገብቶኝ አይደለም እዚህ የተቀመጥኩት፣ የሜቶዲስቶቹ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ የመራጮች መዝገብ ፊቴ ተዘርግቶ፣ ግንባሬ ላይ ዴሞክራት ተብሎ ባይጻፍም ሰው ሁሉ እንደ ተጻፈ እያነበበው ያልፋል፣ ሕጉ በምርጫ ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ከሁለቱም ፓርቲ ሰው ይኑር ይላል፣ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ፣ በዚህ በኦሃዮ ገጠር ደግሞ ዴሞክራት ማግኘት በጥር በረዶ ውስጥ እንጆሪ እንደ መልቀም ነው፣ ስለዚህ ምርጫ በመጣ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል፣ ሼልቢ፣ ያለ አንቺ ጣቢያው አይከፈትም። ያለ እኔ! ያለ እኔ የማይከፈት ነገር በዓለም ላይ ይህ ብቻ ነው። ዴሞክራት የሆንኩት በኬቪን ምክንያት ነው፣ የባሌ የኮዲ አጎት ልጅ፣ ለወረዳው የመሬት መዝገብ ሹምነት ልወዳደር አለ፣ በሪፐብሊካን በኩል ወረፋው ረጅም ነበርና በዚያኛው በር ገባ፣ እኔ አሥራ ስምንት ሞልቶኝ ለማጣሪያው ምርጫ ስሄድ የየትኛውን ፓርቲ ወረቀት ልስጥሽ አሉኝ፣ ኬቪን ያለበትን፣ አልኩ፣ ሳቁ፣ ሰጡኝ፣ ኬቪን ወደቀ፣ እኔ ዴሞክራት ሆኜ ቀረሁ። ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ለዘመድ ብሎ ወረቀት ያነሳል፣ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ሰውየውን ይዞት ይዞራል። እምነት እንዲህ ነው እንዴ የሚመጣው? የሌሎቹስ እንዴት መጣ? ከአባታቸው ነዋ፣ እንደ አፍንጫ።

ከጎኔ ዶሪን፣ ሪፐብሊካኗ፣ ስልሳ ስምንት ዓመቷ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የከብት መኖ ስትሸጥ የኖረች፣ ክንዷ አሁንም የወንድ ክንድ፣ ከጠዋት ጀምሮ በኤሌክትሪክ ድስት ያመጣችውን የተፈተፈተ ዶሮ ዳቦ ውስጥ እየከተተች ለመጣው ሁሉ ታድላለች፣ ብዪ አንቺ ዴሞክራት፣ ዶሮው ፓርቲ የለውም፣ ትለኛለች፣ እበላለሁ፣ እውነቷን ነው፣ እዚህ ከተማ ሁለቱም ወገን የሚበላው አንድ ዶሮ ነው፣ የሚቀበረው አንድ መቃብር፣ ዓርብ ማታ ኳስ የሚያየው አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ፣ እና ቤቱ ሲገባ አንዱ ሌላው አገሪቱን ሊያጠፋት ነው ይላል። ማን ነው ታዲያ የሚያጠፋት? ዶሪን? በዚህ ዶሮ?

ዛሬ ፕሬዚዳንት አይደለም የምንመርጠው። ለፕሬዚዳንት ሲሆን ሰው ኮፍያው ይናገራል፣ መኪናው ይናገራል፣ ሣሩ ላይ ሰሌዳ ተክሎ ግቢው ይናገራል፣ ነፃ ነኝ የሚል ኮፍያ ሁለት መቶ ሰው አንድ ዓይነት አድርጎ ይሰለፋል፣ ያገለገለ መኪና የሚሸጠው ሰውዬ ባንዲራው ከሱቁ ይበልጣል፣ ነፋስ ሲመጣ ሱቁን ይዞት እንዳይሄድ እፈራለሁ። ዛሬ ግን ሁለት የከተማ ምክር ቤት አባላት፣ አንድ ዳኛ፣ ከወረቀቱ ጀርባ ደግሞ ብቻዋን የቆመች አንዲት ጥያቄ፣ የትምህርት ቤቱ ግብር። ቤት ያለው ሰው ለትምህርት ቤቱ ትንሽ ይጨምር ወይስ አይጨምር። የፈለግሽውን ክብ ታጠቁሪያለሽ፣ ላይኛው ክብ እደግፋለሁ፣ ታችኛው ክብ እቃወማለሁ። በግንቦት በአራት ድምፅ ወደቀ። በአራት! አንድ ቤተሰብ ጉንፋን ይዞት ቢተኛ ማለት ነው። ዛሬም ከወደቀ ከገና በኋላ መዋዕለ ሕፃናቱ ግማሽ ቀን ይሆናል፣ የከሰዓቱ አውቶቡስ ይቀራል፣ ልጄ ኪንሊ እኩለ ቀን ላይ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ትቆማለች፣ እኔ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ በአረጋውያኑ መኖሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የሰው አንሶላ እያጣጠፍኩ ነኝ፣ አለቃዬ አስቀድማ ነግራኛለች፣ የኔ ማር፣ በጣም አዝናለሁ፣ ግን ግማሽ ሰው አልቀጥርም። ማንበብ የሚማሩትም ከሰዓት ነው። ኪንሊ ትናንት የወተቱን ካርቶን ይዛ ወ፣ ተ፣ እያለች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔ ያደረግኩት ይመስል።

የኳስ ሜዳው መብራት ሲቃጠል ገንዘቡ በሦስት ሳምንት ተዋጣ። ይህን ለማን ልናገር። ለማንም።

ስልኩ ይጮኻል፣ የጣቢያው ስልክ፣ በዶሪን ካፖርት ኪስ ውስጥ፣ ውጭ ሰሌዳ ቆሟል፣ ከመኪናዎ መውረድ ካልቻሉ በዚህ ቁጥር ይደውሉ ይላል፣ ሲደወል ከየፓርቲው አንድ አንድ ሆነን ወረቀቱን ይዘን እንወጣለን፣ ሁለታችንም፣ አንዷ ብቻዋን ከወጣች ወንጀል ነው። ነይ፣ ትላለች ዶሪን፣ ኦስትራንደሮች ናቸው።

ኦስትራንደር።

ደረጃውን እንወጣለን፣ ውጭው አመድ የመሰለ ኅዳር፣ ዝናብ ነኝ ወይስ በረዶ ብሎ ያልወሰነ ነገር ፊቴ ላይ ይወርዳል፣ አሮጌው ቡናማ መኪና አካል ጉዳተኞች በሚያቆሙበት ቦታ ቆሟል፣ መሪው ላይ ሚስስ ኦስትራንደር፣ ከጎናቸው እሳቸው፣ ክራባት አስረው፣ ከሁለት ዓመት በፊት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም እንደ ፈሰሰ ሰምቻለሁ፣ ከተማው ሁሉ ሰምቷል፣ ግራ ጎናቸውን ወሰደው፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ሌላውንም እየወሰደ ነው አሉ፣ ስሞችን፣ ወራትን፣ ግን አላየኋቸውም ነበር፣ ሰው ትልቅ ሆኖ ከተውከው በሐሳብህ ትልቅ እንደ ሆነ ነው የሚቆይህ፣ አሁን አንገታቸው ከሸሚዙ ኮሌታ መሐል እንደ ልጅ አንገት ቀጥኖ ቆሟል።

ስምዎ፣ ትላለች ዶሪን፣ ታውቃቸዋለች፣ ሠላሳ ዓመት መኖ ለፍየላቸው ሸጣላቸዋለች፣ ግን ሕግ ነው። ዋልተር ኦስትራንደር፣ ይላሉ፣ ጥርት አድርገው። አድራሻዎ? የትምህርት ቤቱን አድራሻ ይናገራሉ። ዋልት፣ የኔ ፍቅር፣ ቤታችንን፣ ይላሉ ሚስስ ኦስትራንደር፣ መታወቂያውን ያሳዩናል፣ ዶሪን አይታ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ይፈርማሉ፣ ፊርማው እየተንቀጠቀጠም የሰሌዳ ጽሕፈታቸው ነው፣ ያውቀዋል ዓይኔ።

ከጠዋት ጀምሮ ክራባቱን ሲጠይቀኝ ነው የዋለው፣ ይላሉ ሚስስ ኦስትራንደር ለእኛ፣ እሳቸው እንደሌሉ ዓይነት፣ ወሩን አያውቅም፣ የእኅቱን መሞት በየቀኑ እንደ አዲስ ነው የምነግረው፣ ምርጫ መሆኑን ግን ማን እንደ ነገረው እግዜር ይወቅ። ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ባለው ሰሌዳ ላይ አደርገዋለሁ። ያዩታል። ያገላብጡታል። እነዚህ እነማን ናቸው? ይላሉ። ዶሪን ታየኛለች፣ እኔ ዶሪንን አያታለሁ፣ መንገር አንችልም፣ ማንበብ እንችላለን እንጂ መንገር አንችልም። ሚስስ ኦስትራንደር፣ ትላለች ዶሪን፣ መርዳት የፈለጉትን ሰው መምረጥ ይችላሉ፣ እርስዎን ከመረጡ እርስዎ፣ ግን ውሳኔው የእሳቸው መሆን አለበት። እኔ ምን አውቃለሁ! ይላሉ ሴትየዋ፣ ሳቅ ነው ለቅሶ፣ አርባ አራት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝቼ አንድ ቀን አልነገረኝም፣ አንድ ጊዜ ለልደቴ ምንም አልፈልግም ማንን እንደ መረጥክ ብቻ ንገረኝ አልኩት፣ የአንገት ሐብል ገዛልኝ! ዶሪን በሳቅ ትፈነዳለች፣ ይቅርታ፣ ትላለች፣ ይቅርታ፣ ሚስተር ኦስትራንደርም ይስቃሉ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ፣ ሰው ሲስቅ እንደሚስቅ።

ለሚስታቸውም። እውነታቸውን ነበር ለካ።

እና አሁን ማን ያውቃል? አንድ ሰው ሐሳቡን ዕድሜ ልኩን አንድ ሣጥን ውስጥ ቆልፎ፣ ቁልፉን ለማንም ሳይሰጥ፣ አንድ ቀን ሣጥኑ የት እንዳለ ራሱ ቢረሳ፣ ሐሳቡ አለ ወይስ የለም? ፈላስፎች ይህን ጽፈውት ይሆናል፣ እኔ እዚያ ክፍል ሳልደርስ ነው የወጣሁት። ሌሎቹ፣ በኮፍያቸው የሚጮኹት፣ ቢረሱ እንኳ ኮፍያቸውን አይተው ያስታውሳሉ። የእኚህ ግን መኪና ላይ እንኳ ምንም አልተለጠፈም። ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ስለዚሁ ስለ ግብር ግማሽ ሰዓት ደግፈው ተናገሩ፣ ሁላችንም አመንን፣ ከዚያ ሰዓታቸውን አዩና ግማሽ ሰዓት ተቃወሙ፣ አሁንም አመንን፣ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ በንዴት፣ እና እርስዎስ? አላቸው፣ ደወሉ ተደወለ፣ ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ። የነፃነት አዋጁን፣ ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ መፈጠሩ በራሱ ግልጽ ነው የሚለውን ሲያስተምሩን፣ በራሱ ግልጽ ከሆነ ለምን መጻፍ አስፈለገ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፣ በልቤ። ደስታን የማሳደድ መብት የሚለውንም፣ ማሳደድ ነው የተጻፈው፣ መያዝ አልተጻፈም፣ ይህንንም በልቤ።

አንቺ ብትሆኚስ? ይላሉ።

እኔን ነው። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው፣ ውሃ የመሰለ ሰማያዊ፣ ወረቀቱን ገልብጠውታል፣ ጣታቸው ግብሩ ላይ ነው፣ አንቺ ብትሆኚ የቱን ታደርጊ ነበር፣ ያውቁኝ ይሆን፣ አያውቁኝም፣ መስኮት ዳር ነበር የምትቀመጪው፣ ይላሉ፣ አይደለም፣ በር ዳር ነበር፣ ሲያስመልሰኝ ሮጦ ለመውጣት ስለሚቀለኝ፣ ግን ምን አባቱ፣ ጠየቁኝ እኮ፣ ሰው ጠየቀኝ፣ ኮዲ ይነግረኛል እንጂ አይጠይቀኝም፣ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ዝም ስል የተስማማሁ ይመስለዋል፣ ሁሉም ዝምታዬ ውስጥ የራሱን ሐሳብ አስገብቶ ይዘጋዋል። ንገሪው የኔ ማር፣ ይላሉ ሚስስ ኦስትራንደር፣ ምን ለውጥ ያመጣል፣ ብርዱ ለሳንባው ጥሩ አይደለም። ዶሪን ታየኛለች። በዶሪን ግቢ ውስጥ የተተከለ ሰሌዳ አለ፣ በቃን፣ ግብር አይጨመርም፣ በቀይ፣ ከጡረታዋ ላይ የምትከፍለው ነው፣ እንዴት ትወቀሳለች፣ ልጅሽን እወዳታለሁ፣ ግብሩን ግን አልወደውም ብላኛለች ፊት ለፊት፣ አሁን እኔ አንድ ቃል ብተነፍስ ትከሰኛለች፣ ወይም አትከሰኝም፣ ወይም እሷም አንድ ቃል ልትተነፍስ ፈልጋ ነው የምታየኝ፣ ሁለታችንም በአንድ ሽማግሌ ጉልበት ላይ ጎንበስ ብለን እንደ ሁለት ድመት እንተያያለን። ላይኛው። አንድ ቃል ነው። አውራ ጣቴን እዚያ ጋ ባሳርፍ እንኳ ይበቃል፣ ወረቀቱን ያስተካከልኩ መስዬ። በአራት ነበር የወደቀው። ኪንሊ፣ ወ፣ ተ።

ላንብብልዎት፣ እላለሁ። ድምፄ ከየት እንደ ወጣ አላውቅም።

አነባለሁ፣ የጠበቃ ቋንቋ ነው፣ አረፍተ ነገሩ መጨረሻ የለውም፣ ለወቅታዊ ወጪዎች ዓላማ ለአምስት ዓመታት ጊዜ በእያንዳንዱ፣ እቸኩላለሁ፣ ቀስ፣ ይላሉ፣ እዚያ ነጠላ ሠረዝ አለ፣ ትንፋሽ ውሰጂበት። እወስዳለሁ። እንደገና፣ ይላሉ። እንደገና አነባለሁ። ልክ እንደ ክፍል። ስጨርስ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ፣ በሩን ዝጊው፣ ይላሉ። እሺ፣ ብዕር ይኸው፣ ከኪሴ አውጥቼ ጣቶቻቸው መሐል አስገባለሁ፣ እጃቸው በረዶ ነው። አይሊን፣ ይላሉ ሚስታቸውን፣ አንቺም። እኔም ምን? ውረጂ። ዋልት፣ ዝናብ እኮ ነው! ውረጂ።

ይወርዳሉ።

ሦስት ሴቶች ለመኪናው ጀርባችንን ሰጥተን እንቆማለን፣ ወደ መቃብሩ በኩል፣ ሌላ የሚታይ ስለሌለ። በሕይወቴ ከራሴ መኪና አስወጥቶኝ አያውቅም፣ ይላሉ ሚስስ ኦስትራንደር። የኔው ሟቹ ባሌ በየሳምንቱ ነበር የሚያስወጣኝ፣ ትላለች ዶሪን፣ አነዳድሽ ያስጠላል እያለ። እዚያ ነው ያለው? እዚያ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር፣ አሁን ማን ያስወጣው። ይስቃሉ። እኔም ፈገግ እላለሁ፣ ጀርባዬ ግን ያዳምጣል፣ ጀርባ ጆሮ ቢኖረው፣ መስታወቱ ውስጥ ምን እየሆነ ነው፣ እንቅልፍ ወስዷቸው ይሆን፣ ምን እያሰቡ ይሆን፣ የሚያስበው የትኛው ሰው ነው፣ ያ ክፍል ውስጥ የነበረው ወይስ ይህ አድራሻውን የረሳው፣ ሁለቱ ቢጣሉስ፣ የመዝገቡ ስም ግን አንድ ነው። አገሩ ሁሉ የቆመው ሰው የራሱን ልብ ያውቃል በሚል ነገር ላይ ነው፣ ይህ ሁሉ ማሽን፣ ይህ ሁሉ ዶሮ። እኔ የራሴን አላውቅም፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ደም አልፈሰሰም።

መስታወቱ ይንኳኳል። ወረቀቱን ድምፁ እንዳይታይ በሚከተትበት የካርቶን መሸፈኛ ውስጥ ራሳቸው አስገብተውታል፣ ብዕሬን ይመልሱልኛል፣ አልቧቸዋል፣ በዚህ ብርድ፣ ከንፈራቸው ላይ ላብ። ጨርሻለሁ፣ ይላሉ፣ እንደ ፈተና። ሚስስ ኦስትራንደር ዶሪንን እቅፍ አድርገው ገብተው ይነዳሉ፣ አነዳዳቸው እውነትም ያስጠላል፣ የአበባውን መደብ ገጨት አድርገው ይወጣሉ።

መሸፈኛውን ሁለታችንም ይዘን እንወርዳለን፣ አንዷ በአንድ ጫፍ አንዷ በሌላው፣ እንደ ትሪ። የድምፅ መቁጠሪያው ማሽን ጋ ሰው የለም፣ ወረቀቱን አፉ ላይ አደርገዋለሁ፣ ይውጠዋል፣ ያስባል፣ ይተፋዋል። ምልክት የለበትም፣ ይላል የማሽኑ መስኮት፣ ይመለስ ወይስ እንዳለ ይግባ። ዶሪን ታነበዋለች። ወይኔ ሰውዬው፣ ትላለች፣ ባዶ ነው፣ ያን ሁሉ ጊዜ። ዓይኗን በእጇ ጀርባ ትጠርጋለች፣ እውነቷን ነው፣ ታዝናለች። ሄደዋል እንግዲህ፣ ሕጉም ባለቤቱ ከሌለ እንዳለ ይግባ ነው የሚለው፣ አስገቢው የኔ ማር፣ ይረፉበት።

እኔ ግን ወረቀቱን ስቀበል አውራ ጣቴ ከሥሩ ነበር። ከጀርባው። እዚያ አንድ ነገር አለ። ጎድጓዳ። ክብ ክብ እያለ የተደጋገመ፣ ወፍራሙ ወረቀት ውስጥ ሰምጦ የገባ፣ ጥፍር የሚይዝ፣ ቀለም የሌለው። ጣቴ ይሄዳል፣ እኔ አላዘዝኩትም፣ ላይኛው ክብ ለስላሳ ነው። ታችኛው ነው።

ታችኛው።

ብዕሩን ከኪሴ አወጣዋለሁ፣ መዝገቡ ጠርዝ ላይ እጭራለሁ፣ ምንም፣ ጫፉ አልወጣም፣ ራሱን ተጭነሽ የምታወጪው ዓይነት ነው፣ ሳልጫነው ነው የሰጠኋቸው፣ እኔ፣ በድንጋጤዬ፣ እና እሳቸው በዚያ በብርድ በደነዘዘ እጃቸው እስኪያልባቸው የተጫኑት ባዶ ብረት ነው። ለዳኛው የለም፣ ለምክር ቤቱ የለም፣ ይህችን አንዲት ነገር ብቻ። እቃወማለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማሩበትን ትምህርት ቤት። ለምን? ምን ያውቁ ነበር? ወይስ ሁለተኛው ግማሽ ሰዓት ነበር እውነተኛው? ወይስ ጣታቸው ብቻ ዝቅ ብሎባቸው፣ ወይስ አነባበቤ፣ መጨረሻ የሰሙትን ቃል ይዘው፣ እኔ መጨረሻ ያነበብኩት እቃወማለሁን ነው፣ እንደዚያ ነው የተጻፈው፣ ቅደም ተከተሉ፣ እኔ ምን ላድርግ።

ምን ላድርግ? ምንም። ምንም አለማድረግ ነው የምችልበት። ቁልፉን ተጭኜ እንዳለ ይግባ፣ ባዶ፣ ሕጋዊ፣ ዶሪን ራሷ ብላዋለች፣ ሪፐብሊካኗ ምስክሬ፣ አንድ ተቃውሞ ከዓለም ጎደለ፣ ማንም አልዋሸ፣ ማንም አልሰረቀ፣ ዝም ብዬ፣ ዝምታ ደግሞ ሲመሰገንልኝ የኖረ ነገር ነው፣ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ፣ ድምፅ የላትም እኮ። ደግሞስ ቀለም የሌለው ነገር ምልክት ነው? ማሽኑ አይደለም አለ፣ ማሽን አያዳላም። ለማንም እንዳትነግሪ አላሉም እንዴ ራሳቸው? ይኼው፣ አልነግርም። ኪንሊ ሙሉ ቀን ትማራለች። በአራት ነበር። ሰው ለልጁ ያላደረገው ለማን ያደርጋል፣ ደስታን ማሳደድ፣ ይኼው አሳደድኩ፣ ይኼው ጭራዋን ያዝኩ።

ላብ ግን ነበረባቸው። ከንፈራቸው ላይ።

ሚስታቸውን ዝናብ ላይ አስወርደው፣ በሩን አስዘግተው፣ ከራሳቸው ጋር የተጣሉበት፣ እኔ ባዶ ብዬ ልጽፈው ነው፣ ባዶ እኮ አልነበረም፣ እንዲያውም ዛሬ በዚህ ምድር ቤት ካለፈው ወረቀት ሁሉ፣ ምን እየሆንኩ ነው፣ ሼልቢ፣ ቁልፉን ተጫኚው፣ ከኋላ ሰው መጥቷል፣ ቦት ጫማ ያደረገ ሰውዬ ወረቀቱን ይዞ ቆሟል፣ ችግር አለ እንዴ? ይላል።

ባዶ አይደለም፣ እላለሁ።

ምን? ትላለች ዶሪን። ባዶ አይደለም፣ ብዕሩ ጫፉ ሳይወጣ ነው የሰጠኋቸው፣ በኔ ጥፋት ነው፣ ምልክት አድርገዋል፣ በጣት ይታወቃል። እጇን ልትዘረጋ ትልና መልሳ ትሰበስባለች። የቱ ጋ? ትላለች፣ ቀስ ብላ። አልነግርሽም፣ እላለሁ። ፊቷ ላይ የሚያልፈውን አያለሁ፣ እንደ ደመና ጥላ በማሳ ላይ፣ ታሰላለች፣ ይህች ልጅ ልጇ መዋዕለ ሕፃናት ነች፣ ለምን ትከራከራለች፣ ገብቶኛል የቱ ጋ እንደሆነ፣ አስተማሪም አይደሉ ሰውየው፣ አዎ፣ ገብቶኛል ትላለች በዓይኗ፣ እና አልገባትም፣ ዶሪን ተሳስተሻል፣ ዶሪን ተገላቢጦሹ ነው፣ ልነግራት አልችልም፣ ዝም ብትል ራሷን የምትጠቅም እየመሰላት ነው፣ ዝም ብትል የምትጠቅመው እኔን ነው፣ በይ ዝም በይ እንግዲህ፣ እላለሁ በልቤ፣ ሕጉ ከጎንሽ ነው፣ እባክሽ ዝም በይ፣ እንዳትሰሚኝ።

እንዴት ያለሽ ራስ ምታት ነሽ አንቺ ዴሞክራት፣ ትላለች ዶሪን። ስልኩን ከካፖርቷ ታወጣለች፣ የተደወለላትን ቁጥር ትፈልጋለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ጣቷ ወፍራም ነው፣ ሁለት ጊዜ ይስታል። አይሊን? ዶሪን ነኝ። መኪናሽን አዙሪ የኔ እመቤት። አይ ደህና ነው፣ ብዕር ነው የተበላሸብን፣ ሌላ ወረቀት እንሰጠዋለን። አውቃለሁ። አውቃለሁ ዝናብ መሆኑን። ሰውዬው ሥራውን ሠርቷል፣ ሥራውን ባዶ ብለን አናስገባበትም፣ ነይ በይ።

ያንን ወረቀት የተበላሸ ብለን ፖስታ ውስጥ እናሽገዋለን፣ ሁለታችንም እንፈርምበታለን፣ ዶሪን አንድ ጊዜ እንኳ በጣቷ አልነካችውም፣ ልትነካው ትችል ነበር። ቦት ያደረገው ሰውዬ ድምፁን ሰጥቶ ዶሮውን ይዞ ሄደ። አዲስ ወረቀት ይዘን ደረጃውን እንወጣለን፣ ምን እየሠራሁ ነው፣ አለቃዬ፣ ግማሽ ሰው፣ አሁን ሲመለሱ ረስተውት ቢሆንስ፣ አሁን ላይኛውን ቢያደርጉስ፣ ያ ደግሞ የማን ድምፅ ይሆናል፣ የበፊቱ ወይስ የአሁኑ፣ ሰው ስንት ጊዜ ነው አንድ ሰው የሚሆነው፣ ታችኛውን ቢደግሙትስ፣ ይደግሙታል፣ አይደግሙትም፣ ተስፋ እያደረግኩ ነው፣ ተስፋ ማድረግ ሕጉ ይከለክላል? ቡናማው መኪና የአበባውን መደብ ከዚያኛው በኩል ገጭቶ ይገባል። ሚስስ ኦስትራንደር ሳይባሉ ይወርዳሉ፣ ለምጄዋለሁ ይላሉ፣ ከዶሪን ጎን ሄደው ጀርባቸውን ይሰጣሉ።

ሚስተር ኦስትራንደር ቀና ብለው ያዩኛል። ደኅና ዋልሽ፣ ይላሉ፣ እንደ አዲስ፣ እንደማያውቁኝ። ምርጫ ነው አይደል ዛሬ?

አዎ፣ አልኳቸው። ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ዘረጋሁት፣ ጥያቄውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው፣ ነጠላ ሠረዙ ላይ ትንፋሽ ወስጄ፣ ብዕሩን ተጫንኩት፣ ቀጭ አለ፣ መዳፌ ላይ ትንሽ መስመር ጭሬ አየሁት፣ ጥቁር፣ ሰጠኋቸው፣ በሩን ዘጋሁት።